ወደ ጣና ዳር ትምህርት ቤቶች የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞችንና የአካባቢውን መምህራን እንዴት እንደግፍ?

ለመርዳት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቶ፣ ባነር አሠርቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መመለስን ነው። ደብተር የሚጠላ የለም፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዘጌ፣ ወደ ቁንዝላ ወይም ወደ ደቅ ደሴት ማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሦስተኛው ሳምንት የሚቀረው ደብተር ስለጠፋ ሳይሆን የጀልባና የምሳ ገንዘብ ስላለቀበት ነው። ስለዚህ ደጋፊው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ያ ተማሪ በአራተኛውም ሳምንት ክፍል ውስጥ መገኘቱን ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከርዕሰ መምህሩ ነው። ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ካስገቡ በኋላ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደው የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ትምህርትና በየትኞቹ ቀናት እገዛ እንደሚፈልግ ይጠይቁ። ብዙ ርዕሳነ መምህራን የክልል ፈተና የሚጠብቃቸውን የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ያስቀድማሉ። ከታች ክፍሎች ፊደል ሳይለዩ የሚያልፉ ልጆች መኖራቸውን ግን የክፍሉ መምህር ካልተጠየቀ ማንም አያነሣውም፤ በእኔ ግምት ከፈተና ዝግጅት ይልቅ እዚያ ላይ የሚፈስ ጉልበት የበለጠ ፍሬ አለው።

ይህን ሳንጠይቅ እኔና ጓደኞቼ አንድ ጊዜ በኅዳር ወር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ደብተር ጭነን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። ስልሳ ልጅ እንጠብቅ ከነበረበት ክፍል ያገኘነው ዐሥራ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የቀሩት ዳጉሳ አጨዳ ላይ ነበሩ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ እህሉ ከማሳ ሲነሣ ብትመጡ ምን ነበረበት?» አሉን። ከዚያ ወዲህ መርሐ ግብር ስናወጣ የትምህርት ዘመኑን ብቻ ሳይሆን የገበሬውንም ዘመን እንመለከታለን። በአጨዳ ወራት የተሻለው ዘዴ ማጠናከሪያውን በበዓላት ቀን ማድረግ ነው፤ በኅዳር 12 ሚካኤልና በኅዳር 21 ጽዮን ገበሬው ማጭድ ስለማያነሣ ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ ጊዜ አላቸው። ይሁን እንጂ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ አለዚያ በዓል ሻሪ መባል አይቀርም።

የመጓጓዣውን ገንዘብ ጉዞው ካለቀ በኋላ ከመተካት ይልቅ ሐሙስ ወይም ዓርብ አስቀድሞ በቴሌብር መላክ ይመረጣል፤ ከኪሱ አውጥቶ የሚጠብቅ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይታገሣል፣ ሦስተኛውን ይቀራል። ጀልባ ነጂ ደረሰኝ ስለማይቆርጥ ቀኑን፣ መንገዱንና የተከፈለውን ብር የሚይዝ፣ ተማሪው የሚፈርምበት አንድ ወረቀት ይበቃል። በጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ጉዞው በማለዳ ይሁን፤ ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ቢረክስም አይያዝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዕለቱ ማለዳ ደውሎ መጠየቅ፣ ርዕሰ መምህሩ «ዛሬ ቆዩ» ካለም ያለ ክርክር መቅረት ያስፈልጋል። የሚያድሩ ከሆነ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሐይቁ ዳር ወባ ስለሚበረታ አጎበር መያዝ ግዴታ ነው። የመልመጃ ወረቀቶችን በሁለት ፌስታል ደራርቦ አፉን ወደ ታች አጥፎ ማሰር አይረሳ፤ ማዕበሉ በጎን ሲረጭ መጀመሪያ የሚርሰው ከጀልባው ወለል ላይ የተቀመጠው ዕቃ ነው።

በጎ ፈቃደኞቹ ማስተማርን ራሱን የሚያሳያቸው ሰውም ይሻሉ። ባሕር ዳር በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት፤ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ እስከ ዛሬ ፔዳ የሚባለው በ1965 ዓ.ም. መምህራን ለማሠልጠን ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ የተነሣ ነው። በከተማዋ ጡረታ የወጡ መምህራን አሉና አንዱን «ጋሼ፣ አንድ ቅዳሜ አብረውን ይውሉ» ብሎ መለመን አያሳፍርም። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ካዩ በኋላ የሚሰጡት አስተያየት ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል፤ አንድ አዛውንት መምህር ለአንዱ በጎ ፈቃደኛ የነገሩት፣ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መልሱን ራሱ ከመናገሩ በፊት በልቡ እስከ ዐሥር እንዲቆጥር ነበር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ይቆዩ፣ አብዛኞቹም ያስተምሩ ስለነበር ልጆቹን ለማወቅ ጊዜ ነበራቸው። የዛሬው በጎ ፈቃደኛ ግን ማለዳ ሄዶ ማታ የሚመለስ በመሆኑ አንድን ክፍል ለአንድ ሰው መድቦ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ አለመቀያየር ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው እዚያው የሚኖረው መምህር ነው። እንግዶቹ ሲመጡ ወንበር አቅራቢ፣ ሲሄዱ ሸኚ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ነውርም ጉዳትም ነው። ጠመኔውን ለሁለት ሰብሮ፣ ግማሹን ለከሰዓት ፈረቃ በኪሱ የሚያኖር መምህር አይቻለሁ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ጠመኔ በካርቶን፣ የተማሪው መጽሐፍ ባልተዳረሰበት ክፍል ደግሞ የምዕራፎቹን ቅጂ ማድረስ ትልቅ እፎይታ ነው። ከተማ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ተስማምተው በወር አንድ ጊዜ የሚከፈል ሒሳብ ቢከፍቱለት፣ ለገበያ ወይም ለደመወዝ ሲመጣ የፈለገውን አባዝቶ ይመለሳል። የሚባዛውን የሚመርጠውም እሱ ይሁን።

በመጨረሻም አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ይገዛ። በየሳምንቱ የትኛው ገጽ እንደተሠራ፣ ማን እንደቀረና ማን ማንበብ እንደጀመረ ይጻፍበት፤ መዝገቡም ወደ ባሕር ዳር አይመለስ፣ የቁምሳጥኑ ቁልፍ በእጁ ካለው የክፍሉ መምህር ዘንድ ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ሥራውን የሚጀምረው ያንን መዝገብ ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ በማንበብ ነው።