ውሃው ሲጎድል ደብተር ይዛችሁ ውጡ

ከጎርፉ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለተጎጂዎች በመጣ ልብስ ተሞላ። ምእመናኑ ከልባቸው ነው ያመጡት። ስድስት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ልብስ ሲለይ ከረመ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከአጥራችን ማዶ ያሉ አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው ቤታቸው የገባውን ጭቃ በሳህን እየዛቁ ያወጡ ነበር። ብቻቸውን። ማናችንም ሄደን አልጠየቅናቸውም። የማስተባበሩ ሥራ የእኔ ስለነበር ዛሬም ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው በጎርፍ የተጎዱ ጎረቤቶቻችሁን ለመርዳት ለምትነሱ አብያተ ክርስቲያናት ምክሬ ከደብተር የሚጀምረው። ዕቃ ሰብስቡ ብላችሁ ከማወጃችሁ በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየቤቱ ሂዱ። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። እዚያ ቤት ስንት ሰው አለ? ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው አለ? በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት የጠፋበት አለ? የሚጠጣ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?

አጠያየቁ ራሱ ሥራ ነው። «ምን እናምጣላችሁ?» ስትሏቸው ብዙዎቹ «ኧረ ምንም፣ ተመስገን» ይሏችኋል። ሰው ይሉኝታ አለው። «አሁን ከሁሉ በላይ ያስቸገራችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን መልሱ ይለያል። ምንም አልፈልግም ያለችን አንዲት እናት፣ የልጇን የአስም መድኃኒት ጎርፉ እንደወሰደው የነገረችን በዚህኛው ጥያቄ ነው። ልጁ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብሎ ነበር ያደረው።

ደብተሩ ላይ የማይገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሃይማኖት። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ከሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች ጋር ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ አለ። እርዳታ የሚሰጠው በችግሩ መጠን እንደሆነ፣ ለሃይማኖት ወይም ለፖለቲካ ዓላማ ማራመጃም እንደማይውል ይደነግጋል። ደንቡን ካወጡት መካከል የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅት የሆነው ካሪታስ ይገኛሉ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ላይ ከውጭ የተጫነ ሕግ አይደለም፤ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የተስማሙበት ነው። ጎረቤት ጭቃውን ስላወጣንለት እሑድ እንዲመጣ አይጠበቅበትም።

ደብተሩን የሚያየው ሰው ጥቂት ይሁን። የሰዎችን ስልክና ሕመም የያዘ ነውና ተቆልፎ ይቀመጥ። ዝርዝሩን ከአካባቢው አስተዳደርና ከሌሎች ረጂዎች ጋር አመሳክሩ፤ አለዚያ አንዱ ቤት ሦስት ጊዜ ሲረዳ ሌላው ይዘለላል። መረጃውን ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ወደ ጭቃው እንሂድ። እዚህ ላይ ችኮላ ሰው ይጎዳል። መብራቱ መቋረጡን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያረጋግጥ ማንም አይግባ። ውሃ ውስጥ ቆሞ ቆጣሪ መንካት ክልክል ነው። የጋዝ ሽታ ካለ ውጡ። ቦት ጫማ፣ ወፍራም ጓንትና ማስክ የሌለው ሰው ሌላ ሥራ ይሰጠው፤ ጭቃው ውስጥ ሚስማርና የተሰበረ ጠርሙስ አለ፣ እባብም አንዳንዴ ይሸሸግበታል። ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ውጭ ይሁን፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል።

ምንም ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሱለት። ባለቤቱ ለኢንሹራንስ ወይም ለመንግሥት ድጋፍ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ ጭቃውን ሳይደርቅ ዛቁ፤ ከደረቀ በዶማም አይነሳም። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ስለሚጀምር ፍራሽና ምንጣፍ ቶሎ ይውጣ፣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት። ግድግዳና ወለሉን መጀመሪያ በውሃና በሳሙና እጠቡ። በረኪና ጭቃ ላይ ቢፈስ አይሠራም። ከታጠበ በኋላ በ4 ሊትር ውሃ ከአንድ ብርጭቆ ያልበለጠ በረኪና በቂ ነው። ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ባለቤቱ «ይጣል» ሳይል ምንም አትጣሉ። እኛ ቆሻሻ ያልነው፣ በጭቃ የተለወሰ አልበም፣ የአንዲት ሴት የሟች ባሏ ፎቶዎች ያሉበት ነበር። ከክምሩ ላይ ያነሳችው እሷ ራሷ ናት። እርጥብ ፎቶ ተደራርቦ ከደረቀ ይጣበቃል። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብላችሁ አለቅልቁት፣ ነጣጥላችሁም አድርቁት። ጊዜ ከሌላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ እስክትደርሱበት ይቆያል። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ሳይዝ ከባለቤቱ አጠገብ እንዲቀመጥ መደብን። ሥራው እያንዳንዱን ዕቃ ማሳየትና ማዳመጥ ነው።

ስለ ማዳመጥ ካነሳሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለማንኛውም ረጂ ያዘጋጀው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ይላል፤ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ሰው የደረሰበትን እንዲተርክ አትጫኑት። ዝም ካለ አብራችሁት ዝም በሉ። በተለይ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ለበጎ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። አንድ ወንድማችን ይህን ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ሲናገር አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሰውየው ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር በራችንን አልረገጠም። «አብሬህ ነኝ፣ ነገም እመጣለሁ» ማለት ይሻላል። ካላችሁም ነገ መሄድ ነው።

አዳራሻችሁን ለማደሪያ ከሰጣችሁ አስቀድማችሁ ለኩ። ስፊር በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር፣ በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው ደግሞ አንድ መጸዳጃ ያስፈልጋል። የእኛ አዳራሽ 12 በ15 ሜትር ነው፤ ቢበዛ ለ51 ሰው ይሆናል። እኛ 90 አስገብተን በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ገባ። ትርፉን ወደ ምእመናን ቤት ማከፋፈል ይቻል ነበር። የመጠጥ ውሃ አጥርቶ ማፍላት ግድ ነው፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ሦስት ደቂቃ። የሴቶችና የወንዶች መኝታ ይለይ፣ መጸዳጃው ሌሊት መብራት ይኑረው። ማንም አገልጋይ፣ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ከሕፃን ጋር ብቻውን አይሁን።

ገንዘብ ከተሰበሰበ ፈራሚው ሁለት ሰው ይሁን፣ የገባውና የወጣው ደግሞ በር ላይ ይለጠፍ። ገበያው የሚሠራ ከሆነ ከልብስ ይልቅ ጥሬ ገንዘብ ስጡ። ቤተሰቡ የሚጎድለውን ከእኛ በላይ ያውቃል።

ወደ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ መኪኖቹና ካሜራዎቹ ይሄዳሉ። የእኛ ዋና ሥራ የጀመረው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ተጠሪ ምእመን መደቡ። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይደውል፣ በወር አንድ ጊዜ በአካል ይሂድ፣ ያየውንም ደብተሩ ላይ ይጻፍ። የሚሞላ ቅጽ፣ የሚጠገን ጣሪያ፣ ትምህርት የተወ ልጅ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ቀጣዩን የዝናብ ወቅት ቀን መቁጠሪያ ላይ አሁኑኑ ምልክት አድርጉ። ከጎርፉ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ሌሊት እኛ ደብተሩን ይዘን በየቤቱ ደወልን። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እናት አነሱት። «ደህና ነን ልጄ። ግን እስኪያባራ ስልኩን አትዝጊብኝ» አሉ። ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆየን፤ ብዙም አላወራንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት የተጠሪዎቹ ስልክ ሁሉ ቻርጅና ሒሳብ ይኑረው።