ሳይክሉ ሲጮህ፦ ሠሪ ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ሳይክል ሠሪ ጋ ሄዳችሁ «ይጮሃል» ብትሉት፣ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ «መቼ?» ብሎ ነው። እውነቱን ነው። መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ሜዳ ላይ ትንሽ ንዱና ፔዳል መምታቱን አቁሙ። ድምፁ አብሮ ከቆመ ችግሩ ያለው ካቴናው ወይም ፔዳሉ አካባቢ ነው። ከቀጠለ ጎማውን እዩ። ፔዳል ስታቆሙ ከኋላ የሚመጣው ጠጠጠጥ ግን የጤና ነው፣ ተዉት።

ሲጥ ሲጥ ይላል
አብዛኛውን ጊዜ ካቴናው ደርቋል። የሸዋ ሮቢት አቧራ ወይም ዝናብ ከመታው በኋላ ይብሳል። ብዙ ሰው ታዲያ ሳይጠርግ ዘይት ያንቆረቁርበታል። አቧራውና ዘይቱ ተለውሶ ጥርሱን ይበላዋል። መጀመሪያ ላምባ በነካ ጨርቅ ካቴናውን ያዝ አድርጋችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። ጨርቁ ላይ የሚወጣው ጥቁር እድፍ እስኪሳሳ ቀጥሉ። ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት አድርጉ፤ ጥቂት አዙራችሁ ከላይ የቀረውን ጥረጉ። ዘይት የሚፈልገው ውስጡ ነው፣ ውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። የምግብ ዘይት እያደር ይጣበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ከነቆሻሻው ስለሆነ ይቅርባችሁ።

ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል
ፔዳሉን የተሸከመውን ብረት ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ከተነቃነቀ መሃል ላይ ያለውን ቡሎን አጥብቁ። ላልቶ ከተነዳ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ያኔ ብረቱን መቀየር ነው። እሱ ደህና ከሆነ ፔዳሉን ራሱን አጥብቁ። የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ይጠብቃል፣ የግራው ግን በተቃራኒው ነው። ይህን ሳያውቅ ታግሎ የፔዳሉን ቡሎን ጥርስ የሚጨርስ ብዙ ነው። ሁሉም ጠብቆ ውስጡ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል፤ ያ የሠሪው ሥራ ነው።

ደግሞ ብድግ ብላችሁ ንዱ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ወንበሩ ነው። ቋሚውን አውጡ፣ ጥረጉ፣ ስስ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱና አጥብቁ።

ፔዳል ሳይመታም ይፋጫል
ፍሬኑ ቸርኬውን ይነካ እንደሆነ ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩ። ክረምት ላይ እነዋሪ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ፓራፋንጎው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ዋልካ በእንጨት አስወጡ። የጎማውን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን ጨመቅ እያደረጋችሁ ዙሩ፤ የላላው በእጅ ይታወቃል።

ፍሬን ሲያዝ ይጮሃል
ቸርኬውን ዘይት ነክቶት ይሆናል። በሳሙና ውኃ እጠቡትና የፍሬኑን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ብረት ከብረት የሚፋቅ ድምፅ ከሆነ ግን የፍሬኑ ጎማ አልቋል፣ ወይም ጠጠር ተሰክቶበታል። ጠጠሩን በመርፌ አውጡ። ያለቀውን ዛሬውኑ ቀይሩ።

ከፊት ይንኳኳል
የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። መሪው ሥር ከተንኳኳ ላልቷል። በዚህ ሁኔታ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እንዳትወርዱ። አይሱዙ ላይ ጫኑት።