የወጣቶች ፖሊሲን ስናጠናክርና የወጣት ሥራን ወደ ሙያ ስናሳድግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ወጣት ብሎ የወሰነው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነበር። ያን ጊዜ 15 ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ያስቀመጠውን የ35 ዓመት ጣሪያ እንኳ አልፏል። ስለዚህ ፖሊሲውን እንከልስ፣ እናጠናክር ሲባል መነሻው አዲስ ሰነድ ማሳመር ሳይሆን፣ አንድ ሙሉ ትውልድ በዚህ ፖሊሲ ሥር ሲያልፍ ምን እንደጎደለው መጠየቅ ይመስለኛል። የወጣት ሥራ ስልም የወጣቶችን ቅጥር ሳይሆን፣ ከወጣቶች ጋር ሆኖ እነርሱን የማዳመጥና የማገዝ ሥራን ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ወጣትን ሥራ ፈላጊ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ተስፋውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን የፖሊሲው ስኬት በተሰጠ ብድርና በተደራጀ ማኅበር ቁጥር ብቻ ሲለካ፣ ከብድሩ በፊት አባላቱ እርስ በርስ መተማመናቸውን፣ ከብድሩም በኋላ ሒሳብ መያዝና አለመግባባትን መፍታት መቻላቸውን የሚከታተል ሰው አይኖርም። ገንዘቡ ሲዘገይም ሆነ ማኅበሩ ሲበተን ጥፋቱ ወጣቱ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት የዕድሜ ክልሉን እንደ አንድ ሰው መቁጠር ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የማታ ትምህርት የምትማር የ16 ዓመት ልጅና ዲግሪውን ይዞ ሥራ ያጣ የ28 ዓመት ጎልማሳ በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ ሥልጠና፣ በአንድ አዳራሽ ሊስተናገዱ አይችሉም።

ሦስተኛውን ስህተት ከሁሉ የከፋ አድርጌ አየዋለሁ፤ ይኸውም ከወጣት ጋር መሥራት ሙያ አይደለም፣ ቅን ልብ ያለው ሁሉ ይሠራዋል ብሎ ማመን ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የወጣቶች ማዕከል በበጎ ፈቃድ ሳገለግል አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ ስለሚደርስባት ጥቃት ነገረችኝ። ምሥጢሯን መጠበቅ እንዳለብኝ ይሰማኝ ነበር፤ ግን እስከ የት ድረስ እንደምጠብቀው፣ ለየትኛው አካል እንደማሳውቅ፣ እርሷን ይበልጥ አደጋ ላይ ሳልጥል እንዴት እንደምጠይቃት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቅንነቴ ለዚያች ልጅ አልበቃም። የወጣት ሥራ ባለሙያ ስንል እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ማለታችን ነው፦ የማዳመጥ ክህሎት ያለው፣ የጥበቃ ሕግና የሥነ ምግባር ደንብ የሚገዛው፣ ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ ፖሊስ የሚልክበትን መንገድ የሚያውቅ፣ እርሱም ሲከብደው የሚያማክረው ኃላፊ ያለው።

ይህ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ያስታውስ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመድበዋል። የሥራ መደብ፣ ሥልጠናና ደመወዝ በአንድነት ስለተሰጣቸው ሥራው ሙያ ሆነ። በወጣቱ ዘርፍ ግን ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከሕንፃው ነው። የስብዕና መገንቢያ ማዕከል ይገነባል፣ ይመረቃል፤ ጆተኒና ከረንቦላ ይገባል፤ ሰው የሚያናግር ባለሙያ ግን በበጀቱ ውስጥ አይታይም። ጨዋታው ወጣቱን ወደ በሩ ያመጣዋል፣ እርሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከበሩ በኋላ የሚቀበለው ሰው ያስፈልጋል እንጂ።

ሌላው ስህተት የተቋም አለመርጋት ነው። የወጣቶች ጉዳይ በ1994 ዓ.ም. ከስፖርትና ባህል ጋር፣ በ1998 ከስፖርት ጋር፣ በ2003 ከሴቶችና ሕፃናት ጋር፣ በ2008 ዳግም ከስፖርት ጋር፣ በ2011 ዳግም ከሴቶችና ሕፃናት ጋር ተዛወረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ገባ። በእያንዳንዱ ዝውውር ፋይል ይጠፋል፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ ይበተናል። ሙያው በሕግ የቆመ ቢሆን ኖሮ መሥሪያ ቤቱ ሲቀያየር ባለሙያው ባልተበተነ ነበር። ማልታ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2014 ያወጣችው የወጣት ሥራ ሙያ ሕግ ለዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

ወጣቶችን ሰብስቦ፣ አበል ከፍሎ፣ ያለቀ ሰነድ አንብቦላቸው «ተሳትፈዋል» ማለትም ስህተት ነው። ተሳትፎ የሚባለው ረቂቁ ሳይዘጋ፣ የተናገሩት ነገር የት እንደገባና ያልገባው ለምን እንደቀረ ሲነገራቸው ነው። በወጣት ሥራ ባለሙያው ላይ የፖለቲካ ቅስቀሳ ሥራ መደረብም በዚሁ አጠገብ ይመደባል፤ ልጆቹ የሚያምኑት የማንም ወገን እንዳልሆነ ሲያውቁ ብቻ ነውና።

በመጨረሻ፣ ሙያውን ለማሳደግ ስንጣደፍ በሩን በዲግሪ ብቻ እንዳንዘጋው እሰጋለሁ። ለዓመታት በክረምት በጎ ፈቃድ፣ በየሠፈሩ ክበብ፣ በየማዕከሉ ያለ ደመወዝ ሲያገለግሉ የኖሩ ሰዎች አሉ። የሙያ ደረጃው ሲዘጋጅ እነርሱም ከአርቃቂዎቹ መካከል ይቀመጡ፤ ልምዳቸው በብቃት ምዘና ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው፤ የጎደላቸው ደግሞ ሥራቸውን ሳይለቁ በሚከታተሉት አጭር ሥልጠና ይሟላ።