የሚለዋወጥ ዋጋን በድረ ገጽ ላይ በእንቅስቃሴ ማሳየት

ለፒያሳ ወርቅ ቤት የዕለቱን የግራም ዋጋ የሚያሳይ ድረ ገጽ ስንሠራ፣ ቁጥሩ በድንገት ከተለወጠ ደንበኛው ለውጡን ላያስተውለው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዋጋው የተጻፈበትን ክፍል ኦፓሲቲ (የመታየት መጠን፤ 0 የማይታይ፣ 1 ሙሉ በሙሉ የሚታይ) በሲኤስኤስ ትራንዚሽን (የገጹን መልክ ቀስ በቀስ በሚለውጥ ትእዛዝ) አማካይነት በ200 ሚሊሰከንድ ወደ 0 እናወርዳለን፤ ከዚያም ጃቫስክሪፕቱ (በገጹ ላይ የሚሠራው የፕሮግራም ኮድ) የትራንዚሽኑን መጠናቀቅ የሚያሳውቀውን ኢቨንት (ብሮውዘሩ የሚልከውን ምልክት) ጠብቆ አዲሱን ቁጥር ይተካና ኦፓሲቲውን ወደ 1 ይመልሳል። ይህን ሳይጠብቁ መተካት ከባድ ስሕተት ነው፤ አዲሱ ዋጋ ገና ብቅ እንዳለ ራሱ ደብዝዞ ይጠፋልና።

ከፍታና ስፋትን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ኦፓሲቲንና ትራንስፎርምን (አንድን ክፍል የሚያዛውር፣ የሚያሽከረክር ወይም መጠኑን የሚለውጥ የሲኤስኤስ ትእዛዝ) መጠቀም ይመረጣል፤ ብሮውዘሩ የገጹን አቀማመጥ በየፍሬሙ (እንቅስቃሴው በተሠራበት በእያንዳንዱ ምስል) እንደገና እንዲያሰላ አያስገድዱትም፤ ልዩነቱም አቅሙ አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ ጎልቶ ይታያል። እንቅስቃሴ የሚያዞረው ተጠቃሚ በስልኩ ላይ እንቅስቃሴ እንዲቀነስ ከመረጠ፣ ቁጥሩን ያለ ትራንዚሽን ወዲያው እንተካዋለን፤ ያን ጊዜ ኢቨንቱ ስለማይመጣ ምርጫውን አስቀድሞ መፈተሽ ግድ ነው።