ክብደት ስትቀንሱ መቼና በየስንት ቀኑ መመዘን ይሻላል?

ጤነኛ አዋቂ ሰው ከአንዱ ጠዋት እስከ ቀጣዩ ጠዋት ክብደቱ ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ቢል ምንም የተለየ ነገር አልገጠመውም። አመጋገቡን አስተካክሎ በደህና የሚቀንስ ሰው ደግሞ በሳምንት የሚጥለው ስብ ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቀን የሚመጣውና የሚሄደው ውሃ በሳምንት ከሚቀንሰው ስብ ይበልጣል፤ ስለዚህ ውሃው ስቡን ይሸፍነዋል። ብዙ ሰው በትክክል እየበላ፣ በእርግጥም እየቀነሰ ሳለ፣ አንድ ቀን ሚዛን ላይ ወጥቶ "ጭራሽ ጨመርኩ" ብሎ ይተወዋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው ውጤቱ ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

የምንመክረው ይህን ነው፦ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተመዘኑ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ የምትፈርዱት ግን በሳምንቱ አማካይ ብቻ ይሁን።

በአንድ ሌሊት የጨመረው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ስብ ሊሆን እንደማይችል በሒሳብ እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በአንድ ቀን 1.5 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ 11,500 ካሎሪ ገደማ መብላት ያስፈልጋል። ይህ የአንድ አዋቂ ሰው የአምስት ቀን ቀለብ ነው፣ ያውም ከዕለቱ ምግብ ላይ ተጨምሮ። ትናንት ማታ ያን ያህል አልበላችሁም።

ትልቁ ምክንያት ጨው ነው። በደማችን ውስጥ ያለው የጨው መጠን እንዳይዛባ ሰውነት ጨው ሲበዛበት ውሃ ይይዛል፤ ኩላሊት ትርፉን አጣርቶ እስኪያስወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ወጥ ሲሠራ ከሚገባው ጨው ሌላ በሚጥሚጣው ውስጥ የተቀላቀለው፣ በዳቦው ውስጥ ያለው፣ ምግብ ቤት ውስጥ ለጣዕም የሚጨመረው ሲደማመር መጠኑን ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ውጭ ራት በተበላ ማግስት ሚዛኑ ከፍ ቢል፣ ጠዋት ቀለበት ከጣት አልወጣ ቢል፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የካርቦሃይድሬት ስንቅ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ስንበላ ከፊሉ ግላይኮጅን ሆኖ በጡንቻና በጉበት ይከማቻል። ስንቁ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ስንቁ ሞልቶ በነበረበት ጊዜና ባለቀበት ጊዜ መካከል እስከ ሁለት ኪሎ ልዩነት ይኖራል። እንጀራና ዳቦ በአንዴ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ "የሚቀንሰው" በዚህ ነው። አብዛኛው ውሃ ነው፤ እንጀራው ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አይኮራም፣ በኋላም አይደነግጥም።

ከዚያ ውጭ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር አለ። ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥታችሁ ወዲያው ብትመዘኑ ግማሽ ኪሎ ጨምራችኋል፤ ይህ ግልጽ ነው። የተበላ ምግብም እስኪወጣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ድርቀት ካለ ከዚያም ይበልጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን አዘውትሮ መብላት የጀመረ ሰው አሰሩ፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የምግቡ ክፍል፣ ስለሚበዛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ሊልበት ይችላል። ለጤናው ግን ይህ ጥሩ ነው።

ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ከግማሽ እስከ ሁለት ኪሎ ውሃ ሊይዙ ይችላሉ፤ ደም መፍሰስ ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለቃል። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ቁጥር ካለፈው ሳምንት ጋር ማስተያየት ለሴቶች ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የሚሻለው ከባለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማስተያየት ነው፤ ለምሳሌ የወር አበባው ካበቃ በኋላ ያለውን ሳምንት ከባለፈው ወር አቻው ጋር።

አዲስ ስፖርት የጀመሩም ይጨምራሉ። ጡንቻው ሲታመምና ሲጠግን ውሃ ይይዛል፤ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ክሬቲን የሚባለውን የስፖርተኞች ማሟያ የሚወስዱ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ የስቴሮይድ መድኃኒቶች የታዘዙላቸው፣ ረጅም በረራ ያደረጉ ሰዎችም እንዲሁ።

ሚዛኑን ማስቀመጥና መፈተሽ

ሚዛኑን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡ። ምንጣፍ፣ ስጋጃ ወይም የሚረግብ ጣውላ ላይ ከሆነ ቁጥሩ በየጊዜው ይለያያል። ቦታውን ከመረጣችሁ አታንቀሳቅሱት። ካነሳችሁት ግን መጀመሪያ በእግር ነካ አድርጉት፣ 0.0 እስኪያሳይ ጠብቁ፣ ከዚያ ውጡበት። የመርፌ ሚዛን ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ በጎኑ ወይም ከሥሩ ባለው ማስተካከያ መልሱት።

ሚዛኑ መሥራቱን ለማወቅ ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውሃ ይበቃል። ባዶ እጃችሁን ተመዘኑ፣ ውረዱ፣ ከዚያ ውሃውን ይዛችሁ ውጡ። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። 1.5 ወይም 2.6 ካለ ባትሪውን ቀይሩ፤ ያም ካልረዳ ሌላ ሚዛን ፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ብዙዎቹ የቤት ዲጂታል ሚዛኖች የመጨረሻውን ቁጥር ያስታውሳሉ። ወዲያው ደግማችሁ ስትወጡ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ የቀድሞውን ቁጥር መልሰው ያሳያሉ። "ሦስቴ ተመዝኜ ሦስቴም አንድ ነው" ማለት ሚዛኑ ትክክል ነው ማለት ላይሆን ይችላል። በመሃል ውሃውን ይዛችሁ ከወጣችሁበት ግን ማስታወሻው ይሰረዝና እንደ አዲስ ይመዝናል።

ሁለት ሚዛኖችን አታወዳድሩ። የፋርማሲው፣ የጂሙና የቤታችሁ ሚዛን በአንድ ኪሎ ቢለያዩ የተለመደ ነው። ከዋሽንግተን ተገዝቶ አዲስ አበባ የገባ ዲጂታል ሚዛን እንኳ 75 ኪሎ የሚመዝንን ሰው 200 ግራም ገደማ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቀረብ ብላ ስላለች የመሬት ስበቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። ሚዛኑ በፓውንድ ከሆነ 2.2 ፓውንድ አንድ ኪሎ ነው፤ መቀየሪያው ብዙ ጊዜ ከሥሩ አለ። የስብ መጠን በመቶኛ የሚያሳዩትን ደግሞ በየቀኑ አትከታተሉ። በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ልከው የሚገምቱት በሰውነት ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ተመርኩዘው ስለሆነ፣ ውሃው ሲዋዥቅ እነሱም ይዋዥቃሉ።

የመመዘኛው ሰዓት

ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ቡናም ውሃም ከመጠጣታችሁ በፊት፣ በውስጥ ልብስ ብቻ። ሌሊቱን በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት የወጣው ውሃ ብዙ ስለሆነ የቀኑ ዝቅተኛና የተረጋጋው ቁጥር ይህ ነው። ማታ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ መጨመሩ አይቀርም። የማታውን ቁጥር ከጠዋቱ ጋር ማወዳደር ምንም አይነግራችሁም፤ በቀን ሦስት አራቴ ሚዛን ላይ መውጣትም ጭንቀት ከመጨመር ሌላ ፋይዳ የለውም።

የሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ሰዓቱን ሳይሆን እንቅልፉን ይከተል፦ ከቀትር በኋላም ቢሆን ከዋናው እንቅልፍ ሲነሳ ይመዘን።

አማካዩን ማውጣት

የአንድ ሰው የሁለት ሳምንት ቁጥር ይህን ይመስላል እንበል፣ ከሰኞ እስከ እሑድ።

አንደኛ ሳምንት፦ 78.4፣ 77.9፣ 78.1፣ 78.8፣ 78.2፣ 77.8፣ 78.0። ድምሩ 547.2፤ ለ7 ሲካፈል 78.2 ገደማ።
ሁለተኛ ሳምንት፦ 77.8፣ 77.5፣ 77.4፣ 77.3፣ 77.9፣ 78.6፣ 77.9። ድምሩ 544.4፤ ለ7 ሲካፈል 77.8 ገደማ።

ይህ ሰው በሳምንት 400 ግራም ያህል ቀንሷል፤ መልካም አካሄድ ነው። አሁን በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ቢመዘን ኖሮ ምን ያይ ነበር? 77.8፣ ቀጥሎ 78.6። "800 ግራም ጨመርኩ" ብሎ ምሳውን ይዘላል ወይም ጭራሽ ይተወዋል። ሐሙስ ሐሙስ ቢመዘን ደግሞ 78.8 ከዚያ 77.3፤ "አንድ ኪሎ ተኩል ቀነስኩ" ብሎ ይዘናጋል። ሰውየው አንድ፣ ምግቡም አንድ ነው።

ለዚህ ስልክ ላይ ያለው ማስታወሻና ካልኩሌተር ይበቃል። አንድ ሁለት ቀን ካመለጣችሁ በተመዘናችሁባቸው ቀናት ብዛት አካፍሉ፤ ግን በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን ይኑር፣ ከነዚህም አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን። ሰው በሳምንቱ መጨረሻ የሚበላው ከሥራ ቀን ስለሚለይ እሱን የተወ አማካይ ያታልላል።

በጾምና በበዓል

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው የሐሙስና የቅዳሜ ጠዋት ቁጥሩ ከሌሎቹ ቀናት ሊለይ ይችላል፤ ምግቡም የሚበላበት ሰዓትም ይለያያላ። ሳምንታዊው አማካይ ይህን ያቻችለዋል። ስለ ጾም ምግብ አንድ ነገር እንበል፦ ዘይት ላይ ተጠንቀቁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በሁዳዴ 55 ቀን ጾሞ ያልቀነሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ዘይት ይሁን።

ፋሲካ ሲመጣ ሚዛኑ መዝለሉ የማይቀር ነው። ዶሮ ወጡ፣ ሥጋው፣ ዳቦው፣ ጠላውና ጠጁ ጨውም ካርቦሃይድሬትም አሰርም አንድ ላይ ያመጣሉ። ሁለት ኪሎ ቢጨምር አብዛኛው በአራት አምስት ቀን ይወርዳል። ያንን ሳምንት ጻፉት እንጂ አትፍረዱበት። ከጾሙ የመጨረሻ ሳምንት አማካይ ጋር የሚወዳደረው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሳምንት ነው። እሱን ግን በደንብ ተከታተሉ፤ በበዓለ ኃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ ግብዣውም ስለሚበዛ፣ በዚህ ወቅት የሚጨምረው እውነተኛ ስብ ሊሆን ይችላል።

በረመዳን የሚጾም ሰው ለሱሑር ሲነሳ፣ ከመብላቱ በፊት ይመዘን። ከኢፍጣር በፊት ያለው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስላልገባ ነው፣ ስቡ ስለሄደ አይደለም። ከዒድ በኋላ የመብያ ሰዓቱ ሲቀየር አዲሱን ቁጥር ከረመዳኑ ጋር ከማስተያየታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ስጡት።

ሚዛን ቤት ለሌላቸው፣ ወይም በየቀኑ መመዘን ለማይስማማቸው

በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንዱ ፋርማሲ ወይም ጂም፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሳችሁ፣ ጫማና ጃኬት አውልቃችሁ፣ ስልክና ቁልፍ ከኪስ አውጥታችሁ ተመዘኑ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ዘንድም ይቻላል፤ ሁልጊዜ ያው ሚዛን ይሁን እንጂ። በዚህ መንገድ ግን ከአራት ሳምንት በታች ባለ ቁጥር አትፍረዱ። በየሁለት ሳምንቱ ወገባችሁን በእምብርት ትክክል በሜትር ለኩ፤ ትንፋሽ አስወጥታችሁ፣ ሆድ ሳታስገቡ። ሚዛኑ ባይነቃነቅም ወገብ ሁለት ሴንቲ ከቀነሰ ሥራው እየተሠራ ነው።

ቁጥሩ ቀናችሁን የሚያበላሽ፣ ምግብ የሚያስዘልል ወይም በልታችሁ እንድትጸጸቱ የሚያደርግ ከሆነ በየቀኑ መመዘኑን ተዉት። ከአመጋገብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ሚዛን ባይይዝ ይሻላል። ቁጥሩን ለማውረድ ሲባል በላብ መድረቅ፣ ሆድ የሚያስቀምጥ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መውሰድ አንድ ግራም ስብ አያቃጥልም፤ ልብንና ኩላሊትን ግን ይጎዳል።

አማካዩ አልነቃነቅ ሲል

ሦስት ሳምንት ሙሉ አማካዩ ካልወረደ፣ ለሴቶች ደግሞ አንድ ሙሉ የወር አበባ ዑደት ካለፈ፣ ያኔ ምግቡን ማስተካከል ይገባል። ከዚያ በፊት አትንኩት። ለመጀመር በቀን 200 ካሎሪ ገደማ መቀነስ ይበቃል፦ ወጡ ላይ ለእናንተ ድርሻ የሚገባውን ዘይት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ማሳነስ ብቻውን ከዚያ ያልፋል። ከዚያ እንደገና ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ። በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ እየወረደ ከቀጠለ ደግሞ ጡንቻም እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ምግቡን ጨምሩ።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው አማካይ እስኪወጣ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሐኪሙን ያግኝ። የኩላሊት ሕመም ያለበትም እንዲሁ። ምግብ ሳይቀንስ በስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ያጣ፣ ለምሳሌ ከ75 ኪሎ አራት ኪሎ ያህል የወረደበት ሰው፣ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ይመርመር። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት መጠኑን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ፤ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ክብደታቸውን የሚከታተሉት በእርግዝና ክትትሉ ላይ እንጂ በዚህ መመሪያ አይደለም።