ለብየዳ ማሽን ጋሪ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ግቢው ውስጥ ብየዳ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚያምሩት ሥራዎች አንዱ የማሽኑ ጋሪ ነው። ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ቢንጋደድም የሚቆጣ ደንበኛ የለም። ችግሩ ብዙው ሰው የሚሠራው ጋሪ ሳይሆን ጎማ ያለው መደርደሪያ መሆኑ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው መግፋት ሲጀመር ነው።

ጎማ ላይ መሰሰት። ትንሿ የፕላስቲክ ጎማ ሊሾ ላይ ትሸከረከራለች። አዳማ ውስጥ ግን ስንቱ ግቢ ሊሾ ነው? ጠጠር ነው፣ አሸዋ ነው፣ ደህና ሲሆን ኮብልስቶን ነው። ትንሿ ጎማ ጠጠሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ የላይኛው ክብደት ግን አይቆምም፣ ጋሪው ወደፊት ይደፋል። ከኋላ ሁለት ትልልቅ ቋሚ ጎማ፣ ከፊት ሁለት የሚታጠፉ አድርጉ። የአሮጌ የእጅ ጋሪ ጎማ ካገኛችሁ ከአዲሷ ፕላስቲክ ይሻላል። ጎማውን ደግሞ በቡሎን እሰሩት እንጂ አትበይዱት። ሙቀቱ የኩሽኔታውን ቅባት ያቀልጠዋል፤ ሲበላሽም ለመቀየር መቁረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

ብረት ማብዛት። ከበር ሥራ የተረፈ ወፍራም ብረት ስላለ ብቻ፣ ጥቂት ኪሎ ለምትመዝን ኢንቨርተር (ቀላሏ የብየዳ ማሽን) ሁለት ሰው የሚያነሳው ጋሪ ይሠራል። ሲሊንደር ካልተጫነበት 30 በ 30 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት ይበቃል። ለእጀታው የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ካሰባችሁ መበየጃ ቦታው ላይ ያለውን ዚንክ መጀመሪያ አንሱ፤ ጭሱ ማታ በትኩሳት ያንቀጠቅጣል።

ሲሊንደርን እንደ ተራ ዕቃ መጫን። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ትልቁ የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶውን እንኳ ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሲሞላ ግፊቱ 150 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ መቀመጫው መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ይሁን፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል። በገመድ አትሰሩት፣ ፍንጣሪ ይበላዋል። ሰንሰለት ይሁን፣ ከላይም ከታችም። ቦታ ስትቀይሩ የግፊት መቆጣጠሪያው ተፈትቶ የቫልቩ ክዳን ይግባ። አሲቴሊን ከሆነ ተኝቶ አይሠራበትም፤ ጋዙ የተሟሟው አሴቶን ውስጥ ስለሆነ ፈሳሹ አብሮ ይወጣል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ፤ የኤሌክትሮድ መያዣው ማንጠልጠያ። ከፌሮ ታጥፎ፣ ሲሊንደሩ አጠገብ ይበየዳል። መያዣው ማሽኑ ሳይጠፋ፣ ቁራጭ ኤሌክትሮድ እንደነከሰ ይሰቀላል። ማሳውም (የማሽኑ ሁለተኛ ገመድ መቆንጠጫ) እዚያው ጋሪ ላይ ከተቆነጠጠ አንድ ንክኪ ይበቃል። ብልጭ ይልና ሲሊንደሩ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ትቀራለች። ብትታይ ምንም አትመስልም፤ ብረቱ ግን እዚያች ቦታ ላይ ጠባዩን ቀይሯል። ያ ሲሊንደር ለሚሞላው ድርጅት ተነግሮ ሳይመረመር ዳግም መሞላት የለበትም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ማንጠልጠያውን ከእንጨት ሥሩት፣ ከሲሊንደሩም በተቃራኒው ጎን ይሁን።

ማሽኑን ሳጥን ውስጥ መክተት። አዳማ አቧራዋን እናውቃለን። ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይን የተተከለው በከንቱ አይደለም። ግን በላሜራ ዙሪያውን መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። ፋኑ የሚስበው አየር ያጣል፣ ማሽኑ ይግላል፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራቷ በርታ ሥራ ይቆማል። ዙሪያውን ክፍት ተዉት፤ ሥራ ሲያበቃና ሲቀዘቅዝ ሸራ አልብሱት። ከመንገዱ አቧራ ይልቅ የሚያሰጋው የግራይንደሩ ብናኝ ነው። ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ውስጥ ገብቶ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ግራይንደር ስትይዙ ጋሪውን ከፍንጣሪው አቅጣጫ አዙሩት።

ገመዱን እንደተጠቀለለ መጠቀም። ማራዘሚያው ጋሪው ላይ ተጠቅልሎ ማማሩ ለማስቀመጫ ነው። ስትሠሩ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፤ ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል ሲሸከም ይግልና ልባሱ ይቀልጣል።

ቀለም ማስቀደም። ቀለም የመጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ማሽኑንም፣ ሲሊንደሩንም፣ ገመዱንም ጭናችሁ ጋሪውን ከበሩ ደፍ እስከ ግቢው ጥግ ግፉት። ካንገዳገደ ወይ ካልገባ፣ ብረቱን ቆርጦ ማስተካከል ገና ቀላል ነው።