በደሴና በኮምቦልቻ በክረምት ሒሳብ ለሚማሩ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌ ሲገባ ደሴ በመምህራን ትሞላለች። ከተንታ፣ ከአቀስታ፣ ከወረኢሉ፣ ከመርሳ፣ ከባቲ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምሩ የከረሙ ሰዎች ጠመኔውን አስቀምጠው ደብተር ይይዛሉ። ኤፍ ያለበት የመደበኛ ተማሪም በዚሁ ሰሞን ኮርሱን ሊደግም ይመዘገባል። ሒሳብ የሚወስዱትን ክረምት በክረምት ሳይ የሚጥላቸው ነገር ያው ነው። አብዛኛው ደግሞ ከችሎታ ጋር አይገናኝም፤ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር የሚቀር ነው።

ክረምት ስለሆነ ይቀላል ማለት

ያጠረው ጊዜው ብቻ ነው፤ የኮርሱ ይዘት ከመደበኛው አንድ ምዕራፍ አይቀነስለትም። በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) የተሰጠው ኮርስ ከተማሪው ወደ 135 ሰዓት ሥራ ይጠብቃል፤ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበትም፣ ለብቻዎ የሚሠሩበትም ተደምሮ። በ16 ሳምንት ሴሚስተር ይህ በሳምንት ከስምንት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በ8 ሳምንት ክረምት ግን ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ሦስት ኮርስ የያዘ ሰው በሳምንት 50 ሰዓት ማለት ነው፤ የሙሉ ቀን ሥራ ከነትርፍ ሰዓቱ።

ስለዚህ «ቅዳሜና እሁድ አነበዋለሁ» የሚባለው ዕቅድ በክረምት አይሠራም። ሰኞ የተጀመረ የኢንቲግሬሽን ዘዴ ዓርብ ላይ ታልፎ ሌላ ተጀምሯል፤ ዓርብ የሚመጣውም የሰኞውን ጨርሰዋል ብሎ ነው የሚነሳው። የዕለቱን ትምህርት የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ጥያቄ በእጅ ሠርቶ መተኛት ያስፈልጋል። ኮርስ የመምረጥ ዕድል ያለው ደጋሚ ተማሪም ሁለት ከባድ ኮርሶችን፣ ለምሳሌ ሪል አናሊሲስና ሞደርን አልጀብራን፣ በአንድ ክረምት ባያጣምር ይሻለዋል።

የድሮውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ መጀመር

ካልኩለስ ፈተና ላይ ከሚጠፋው ማርክ ብዙው የካልኩለስ አይደለም። ዴሪቬቲቩ በትክክል ተሠርቶ፣ ለማቃለል ሲሞከር በሁለተኛው መስመር ላይ ይበላሻል። √(9+16) ስንት ነው ቢሉት 5 ብሎ ወዲያው የሚመልስ ሰው፣ በቁጥሮቹ ፋንታ ፊደል ሲመጣ የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት ለየብቻ አውጥቶ ይደምራል። በቁጥር ቢሞክረው 3 ሲደመር 4፣ 7 እየሆነ ስህተቱ ፊት ለፊት ይታየው ነበር። ሳይን 60 ዲግሪን የሳይን 30 እጥፍ የሚያደርግም አለ። ሳይን 30 ግማሽ ነው፣ እጥፉ 1 ይሆናል፤ ሳይን 60 ግን ወደ 0.87 ነው። የሠሩት ሲያጠራጥርዎ ቁጥር አስገብተው ይሞክሩት።

ለዓመታት አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሲያስተምር የኖረ መምህር ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ቢርቀው አያስገርምም፤ አያሳፍርምም። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ የሰኔን መጨረሻ ሁለት ሳምንት መሥራት ይበቃዋል። ክፍል ከተጀመረ በኋላ ግን ለዚህ የሚሆን ጊዜ አይገኝም።

ወርክሽት መሸምደድ

ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ነው። የአምናና የካቻምና ፈተና ፎቶ ኮፒ ይዞራል፣ መልሱ ይሸመደዳል። ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ግን እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ኢንፊኒት ሲሪስን፣ ማለትም ማለቂያ የሌለውን የቁጥሮች ድምር፣ ልውሰድ። «የሚደመሩት ቁጥሮች ወደ ዜሮ ካልሄዱ ሲሪሱ ኮንቨርጅ አያደርግም» (ድምሩ ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋ አይሄድም) የሚለውን ሕግ የሸመደደ ተማሪ ገልብጦም ይጠቀምበታል፤ ወደ ዜሮ ከሄዱ ኮንቨርጅ ያደርጋል ይላል። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያለ የሚቀጥለው ሲሪስ ይህን ያፈርሰዋል። ወረቀት ያውጡና ይሥሩት። 1/3 እና 1/4 ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ፤ ሁለት ጊዜ 1/4 ብቻ እንኳ ግማሽ ነውና። ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉት አራቱም እያንዳንዳቸው ከ1/8 አያንሱም፤ ድምራቸው እንደገና ከግማሽ በለጠ። ከ1/9 እስከ 1/16 ያሉት ስምንቱም እንዲሁ። ሌላ ግማሽ፣ ሌላ ግማሽ እያለ መቼም አይቆምም፤ ስለዚህ ድምሩ ያለ ገደብ ያድጋል። ይህን መንገድ ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቶታል። ዕድገቱ ግን እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ድምሩ 10ን ለማለፍ 12,367 ቁጥሮች መደመር አለባቸው። በካልኩሌተር ሞክሮ «ቆመ» የሚለውን የሚያሳስተው ይኸው ነው።

ይህችን አንዲት ማስረጃ መጽሐፍ ሳያይ ደግሞ መጻፍ የቻለ ሰው፣ ሠላሳ ጥያቄ ከነመልሱ ከሸመደደው ይልቅ ለፈተናው ቅርብ ነው።

በምሳሌ ማረጋገጥ

ነምበር ቲዎሪና ሪል አናሊሲስ የሚወስዱ ሰዎችን በብዛት የሚጥል ስህተት ነው። «ለማንኛውም ቁጥር እውነት መሆኑን አረጋግጥ» ሲባል በ1፣ በ2፣ በ3 ተሞክሮ «ስለዚህ እውነት ነው» ተብሎ ይዘጋል። አንድን ቁጥር በራሱ ያባዙ፣ ቁጥሩን ራሱን ይደምሩበት፣ ከዚያ 41 ይጨምሩ። ከ0 ጀምሮ እስከ 39 ድረስ ቢሞክሩ የሚያገኙት ሁልጊዜ ፕራይም ቁጥር ነው። አርባ ጊዜ የሠራን ነገር ማን ይጠራጠራል? በ40 ሲሞክሩት ግን 1681 ይመጣል፤ እሱም 41 በ41 ሲባዛ የሚገኝ ነው። ምሳሌ ሐሳቡን ለመረዳት ይጠቅማል፤ ማስረጃ ሆኖ ግን አይቆጠርም።

እግረ መንገዴን በሊሚት ትርጓሜ ውስጥ ስለሚመጡት ሁለት ፖዚቲቭ ቁጥሮች፣ ስለ ኤፕሲሎንና ዴልታ፣ ልበል። «ለእያንዳንዱ ተማሪ ወንበር አለ» እና «ለተማሪው ሁሉ የሚበቃ አንድ ወንበር አለ» የተለያዩ ናቸው። የሊሚት ትርጓሜ የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፦ ኤፕሲሎን አስቀድሞ ይሰጣል፣ ዴልታ እሱን ተከትሎ ይመረጣል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ ማርክ አያስገኝለትም።

ሳይገባ «ገብቷል» ማለት

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። አስተማሪው ወጣት ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠው ተማሪ ሃያ ዓመት ያስተማረ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ነው።

«ግልጽ ነው ጋሼ?»

«ግልጽ ነው፣ ቀጥል የኔ ልጅ።»

በዕረፍት ሰዓት እኚሁ ሰው ጓደኛቸውን በረንዳ ላይ ይዘው «ያቺ ዴልታ ከየት መጣች?» ይላሉ። ጓደኛቸውም አያውቅም። ሁለቱም ዕድሜያቸውንና የመምህርነት ክብራቸውን ለመጠበቅ ብለው ነው ዝም ያሉት፤ ይገባኛል። ግን ያ ወጣት አስተማሪ ቢጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ለአብዛኛው ክፍልም ይጠቅማል። ጥያቄውን ጠበብ ማድረግ ይረዳል፦ «አልገባኝም» ከማለት «ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት ተሻገርን?» ቢሉ አስተማሪውም የት ላይ እንደሚያብራራ ያውቃል።

የቡድን ጥናትም ላይ ይኸው ችግር አለ። አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ አምስቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጠመኔው ለደካማው ይሰጥ፤ ጎበዙ አጠገቡ ቆሞ ያርመው።

መንገዱንና ወቅቱን አለማሰብ

ኮምቦልቻ አድሮ ደሴ የሚማር፣ ወይም በተቃራኒው የሚመላለስ ብዙ ነው። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት በመካከል ባለው በሐረጎ ተራራ ላይ ጉሙና ዝናቡ መኪናውን ያዘገየዋል። የ2 ሰዓት ክፍል ያለው ሰው ይህን አስቦ ይነሳ፤ ከተቻለም ለሁለት ወር ብቻ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ግቢው አጠገብ ቤት ቢከራይ ያዋጣዋል። የክረምት አንድ ቀን መቅረት የመደበኛውን ሁለት ቀን ያህል ነው።

ፍልሰታን ለሚጾሙ፣ ጾሙ ነሐሴ 1 ሲገባ ትምህርቱም የሚከብድበት ሰሞን ነው። ከባዱን ጥያቄ ንጋት ላይ ይሥሩ፤ ከሰዓት በኋላ የተሠራውን መገልበጥና ማረም ይቀልላል። መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ ያለ ሀንድአውት አብሮ ይጠፋልና ዋና ዋናውን በወረቀት ይያዙ።

ደብተሩን ጳጉሜን ላይ ዘግቶ ሐምሌ ላይ መክፈት

የክረምት ተማሪ ካልኩለስ አንድን ዘንድሮ ወስዶ ካልኩለስ ሁለትን የሚያገኘው ከርሞ ሐምሌ ነው። በመካከል አሥር ወር አለ። አስተማሪው ደግሞ ትናንት እንደጨረሱት አድርጎ ይጀምራል። ወደ ሥራ ቦታ ሲመለሱ ከደብተሩ ሌላ የፈተና ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ካልተመለሰልዎ የተሳሳቱትን ጥያቄ ከመርሳትዎ በፊት ጽፈው ይያዙ። በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ጥያቄ ብቻ ከባዶ ወረቀት ይሥሩ፤ እስከ ሰኔ ወደ አርባ ጥያቄ ይሆናል። መጀመሪያ የተሳሳቱትን ያስቀድሙ።